አንና፣ እዚያው ቁም

ውሃ ልጠጣ ብድግ አልኩ። ገና የበሩ ደፍ ላይ ስደርስ ከኋላዬ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ዞር ስል ኳሷ መስመሩን አልፋ ስትወጣ በቴሌቪዥኑ አየሁ። አራት ነጥብ። ሁላችንም አማማ የምንላቸው የቤቱ አያት ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው በቴሉጉ አንድ ነገር ተናገሩ። የልጅ ልጃቸው ተረጎመልኝ።

«አንና፣ እዚያው ቁም። እንዳትንቀሳቀስ ብላለች።»

አንና በቴሉጉ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ወንድም ጋሼ እንደምንለው። ቆምኩ። ለሦስት ሰዓት ያህል በሩ ላይ ቆምኩ። ውሃውን ልጁ አመጣልኝ።

ቀኑ መጋቢት 24 ቀን 2003 ነበር፤ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2 ቀን 2011። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ቦታው ቪሳካፓትናም ነው፤ በሕንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ ያለች የወደብ ከተማ። አንድራ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነበር። ያኔ እዚያ አበሻ ብዙ ነው። እኔ ግን ከሌሎቹ ራቅ ብዬ፣ ከነዚህ ሰዎች ቤት ላይኛው ፎቅ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። የዚያን ምሽት የክሪኬት የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነው። ሕንድ ከስሪላንካ፣ ሙምባይ፣ ዋንኬዴ ስታዲየም።

ስሪላንካ 274 አስቆጥራ ጨርሳለች። ሕንድ 275 ማግኘት አለባት። የመጀመሪያው መቺ ሴዋግ በሁለተኛዋ ኳስ ወጣ፤ ከጨዋታው ተሰናበተ ማለት ነው። ዜሮ። ቀጥሎ ሳቺን ቴንዱልካር 18 ላይ ሳለ ወጣ። ያን ጊዜ የቤቱ ባለቤት ምንም ሳይናገሩ ተነስተው ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ሪሞቱን እንኳን አልፈለጉም። ሄደው በጣታቸው ነው ያጠፉት።

ክፍሉ ውስጥ የጣሪያው ማራገቢያ ድምፅ ብቻ ቀረ። በመስኮት የሚሰማ የሰው ድምፅ የለም። መንገዱ በሙሉ ዝም ብሏል። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌና ቴርጋት የመጨረሻዋን መቶ ሜትር ተያይዘው ሲሮጡ ሰፈራችን እንዲሁ ነበር የሆነው። ኃይሌ በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀድሞ ደረቱን እስኪያስገባ ድረስ የተነፈሰ ሰው አልነበረም።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ልጁ ቀስ ብሎ ሄዶ ቴሌቪዥኑን መልሶ ከፈተው። አባቱ አልተቆጡም። እኔም ያን ጊዜ ነው ውሃ ልጠጣ የተነሳሁት።

ክሪኬትን ያስተማረኝ ያ ልጅ ነው። አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ከቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ መንገድ ከትምህርት ቤት መልስ በየቀኑ ይጫወታሉ። ዊኬቱ፣ ከመቺው ኋላ የሚቆመው ዒላማ፣ ሦስት የተደራረበ ጡብ ነው። ጡብ ከጠፋ የፕላስቲክ ወንበር። ኳሷ ተራ የቴኒስ ኳስ ናት፤ ግን ግማሿን በቀይ የኤሌክትሪክ ቴፕ ጠቅልለዋታል። ለምን ግማሽ ብቻ አልኩት። አንዱ ጎን ሲለሰልስ፣ ሌላው ጎን ጠጉራም ሆኖ ሲቀር፣ ኳሷ አየር ላይ ትታጠፋለች አለኝ። ወርውሮም አሳየኝ። በቀጥታ የመጣች መስላ እግሬ ሥር ልትደርስ ስትል ወደ ውስጥ ታጠፈች። እጄ ላይ ያለው ባት፣ መምቻው እንጨት፣ አየር መታ። ጡቡ ተናደ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ ቡድን ይወረውራል፣ ሌላው ይመታል። ከመቺው ኋላ ሦስት እንጨት ቆሟል። ኳሱ እንጨቱን ካገኘው መቺው ይወጣል። የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተቀለበም ይወጣል። ከመታ በኋላ ወዲያና ወዲህ እየሮጠ ነጥብ ይሰበስባል። እነሱ ራን ይሉታል። ኳሱ መሬት ነክቶ ከሜዳው ከወጣ አራት ነው። ሳይነካ በአየር ካለፈ ስድስት። ስድስት ውርወራ አንድ ኦቨር ይባላል። ሌላው ዝርዝር እያዩ የሚለመድ ነው።

የሰፈሩ ሕግ ግን ከዚህ ይለያል። አንድ ጊዜ ነጥሮ በአንድ እጅ ከተቀለበ ወጥተሃል። አጥር ዘሎ ሰው ግቢ የገባ ኳስ ስድስት አይደለም፤ መቺው ይወጣል፣ ኳሱንም ራሱ ሄዶ ይለምናል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ሕጉን አጠበቡት። ክሪኬት የተወለደው እንግሊዝ አገር ሰፊ ሣር ላይ ነው። እነዚህ ልጆች ሦስት ሜትር በማትሞላ መንገድ ውስጥ አስገብተውታል። በኔ እምነት የሕንድ ክሪኬት ታሪክ በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ። ሰፊ ቦታ ያለው ሰው ጨዋታ ነበር። ቦታ የሌለው ሰው ወሰደው።

መጀመሪያ ያመጡት የእንግሊዝ መርከበኞች ናቸው። በ1721 ጉጃራት ውስጥ ካምቤይ በተባለ ወደብ አካባቢ ሲጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በ1792 ካልካታ ላይ ክለብ አቋቋሙ። ለራሳቸው ነው፤ የአገሩን ሰው ላስተምር ያለ አልነበረም። ከሕንዶች ቀድመው የያዙት የቦምቤይ፣ የዛሬዋ ሙምባይ፣ ፓርሲዎች ናቸው፤ ከፋርስ የመጡ የዞሮአስተር እምነት ተከታዮች። በ1848 የራሳቸውን ክለብ መሠረቱ። ግን የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ እንግሊዞቹ በፈረስ ፖሎ ይጫወቱበት ነበር። የፈረስ ኮቴ የቆፈረው መሬት ላይ ኳስ ቀጥ ብሎ አይነጥርም። ፓርሲዎቹ አቤቱታ ላይ አቤቱታ ጻፉ። መንግሥትም ለፖሎው አደላ። በ1889 ግን የፓርሲ ቡድን የእንግሊዞቹን የቦምቤይ ጂምካና ክለብ አሸነፈ።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ልቤን የያዘው አንድ ሰው ነው። ፓልዋንካር ባሉ። የተወለደው በ1870ዎቹ ሲሆን ከዳሊት ወገን ነው፤ ያኔ «የማይነኩ» ይባሉ ከነበሩት። ፑና ከተማ በእንግሊዞቹ ክለብ ሜዳ ይጠርግና መደልደያ ይጎትት ነበር። በወር አራት ሩፒ ይከፈለዋል። እንግሊዞቹ ልምምድ ሲያደርጉ ወርዋሪ ይፈልጋሉ። ባሉ ይወረውርላቸው ጀመር። በግራ እጁ፣ ቀስ አድርጎ፣ ኳሷን እያሽከረከረ። ግሬግ የተባለው ጎበዝ መቺያቸው ባሉ ባወጣው ቁጥር ስምንት አና፣ ማለትም ግማሽ ሩፒ፣ ይሰጠው ነበር ይባላል። ለሰዓታት ይወረውርላቸዋል። ባት ይዞ ይምታ ብሎ የፈቀደለት ግን አልነበረም።

የከተማዋ ሂንዱዎች እንግሊዞቹን ማሸነፍ ሲፈልጉ ባሉን ለመኑት። ሜዳ ላይ አብረውት ተጫወቱ። እሱ የያዛትን ኳስ ከሁሉ በላይ የሚባሉት ብራህማኖች ይዘዋታል። ሻይ ሰዓት ሲደርስ ግን እነሱ ውስጥ ገብተው በፖርሴሊን ስኒ ይጠጣሉ። ለባሉ ውጭ ቆሞ ሳለ በሚጣል የጭቃ ኩባያ ይቀርብለታል። ምሳውንም ለብቻው ነው የሚበላው።

እኛ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንላለን። ሜዳ ላይ ጌታና ሎሌ የለም ማለታችን ነው። ስለ ባሉ ሳነብ ይህ አባባል አእምሮዬ ውስጥ ቆየ። ምክንያቱም ጨዋታው ሲያልቅ ጌታው ተመልሶ ጌታ ይሆናል። ኳሷን ሁለቱም ነክተዋታል፤ ስኒው ግን ለየብቻ ነው። ይህን ነገር እኛም አገር የሚያውቀው አለ። ከሸክላ ሠሪና ከቀጥቃጭ ጋር ገበያ ላይ እየተገበያየ በማዕድ የሚለይ ሰው በልጅነቴ አይቻለሁ። ስለዚህ የባሉ ኩባያ ለኔ የሩቅ አገር ወሬ አልሆነም።

በ1911 ሕንድን ወክሎ የተሰባሰበ ቡድን እንግሊዝ ሄደ። አምበሉ የፓቲያላ ማሃራጃ ነበር። ቡድኑ ብዙ ተሸነፈ። ባሉ ግን በዚያ ጉዞ ከመቶ በላይ መቺ አወጣ። ሲመለስ ወገኖቹ በክብር ተቀበሉት። ካድናቂዎቹ አንዱ ወጣቱ አምቤድካር ነበር፤ በኋላ የሕንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀው። ባሉ ግን ያን ያህል ተጫውቶ የሂንዱዎቹ ቡድን አምበል ሳይሆን ቀረ። ወንድሙ ቪታል በ1923 አምበል ሆነ። ያም የመጣው ከብዙ ሙግት በኋላ ነው። እኔ የሕንድ ክሪኬት አባት ማነው ብባል መሳፍንቱን አልጠራም። ባሉን ነው የምጠራው።

ያኔ የቦምቤይ ትልቁ ውድድር በሃይማኖት የተከፋፈለ ነበር። ሂንዱ፣ ሙስሊም፣ ፓርሲ፣ አውሮፓዊ። ጋንዲ ሳይቀሩ ተቃወሙት። በ1946 ቀረ። ብሔራዊ ቡድኑ በበኩሉ በ1932 ለንደን፣ ሎርድስ ሜዳ የመጀመሪያውን ቴስት ተጫወተ፤ ቴስት ማለት አምስት ቀን ድረስ የሚሄደው ረጅሙ ጨዋታ ነው። ለማሸነፍ ሃያ ዓመት ጠበቀ። በ1952 ማድራስ ላይ እንግሊዝን ረታ።

የቤቱ ባለቤት፣ እኔ አንክል የምላቸው፣ ስለዚህ ሁሉ ብዙም አያወሩም። የሳቸው ታሪክ የሚጀምረው 1983 ላይ ነው። ያኔ ወጣት ነበሩ። የዓለም ዋንጫው እንግሊዝ አገር ነው። ሕንድን ከቁም ነገር የቆጠራት የለም፤ አቋማሪዎች 66 ለ 1 ሰጥተዋታል። ከዚምባብዌ ጋር ሲጫወቱ ገና 17 ነጥብ ላይ አምስት መቺ አለቀባቸው። አምበሉ ካፒል ዴቭ ግን ሜዳው ላይ ነበር። ብቻውን 175 አስቆጠረ፤ ሳይወጣም ጨረሰ። ሕንድ ዳነች።

አንክል ይህን ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ያን ጨዋታ የቀረፀ የለምና። በዚያ ቀን የቴሌቪዥን ካሜራ ሜዳው ላይ አልነበረም። ስለዚህ ያ 175 ያለው በሰው አፍ ብቻ ነው። እሳቸውም ሲተርኩት እያንዳንዷን ምት በእጃቸው ይመታሉ። ልጁ ሺህ ጊዜ ሰምቶታል፤ ግን አያቋርጣቸውም።

ፍጻሜው ጁን 25 ቀን ሎርድስ ላይ ሆነ። ተጋጣሚዋ ዌስት ኢንዲስ ነች፤ የካሪቢያን አገሮች የጋራ ቡድን። የቀደሙትን ሁለት ዋንጫ የወሰደችው። ሕንድ 183 ብቻ አስቆጥራ አለቀች። ዌስት ኢንዲስ ቪቭ ሪቻርድስ አላት። መምታት ጀመረ። አንዷን ኳስ ወደ ሰማይ ሰቀላት። ካፒል ዴቭ ጀርባውን ሰጥቶ ወደኋላ ሮጠ፤ በትከሻው ላይ እያያት ሮጦ ቀለባት። ዌስት ኢንዲስ 140 ላይ አለቀች። በ43 ነጥብ ሕንድ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች።

አንድ ነገር ልጨምር። የክሪኬት ቦርዱ ተጫዋቾቹን የሚሸልምበት ገንዘብ አልነበረውም። ዘፋኟ ላታ ማንጌሽካር ዴልሂ ላይ ኮንሰርት አዘጋጅታ በተገኘው ገቢ ነው ለያንዳንዳቸው አንድ መቶ ሺህ ሩፒ የተሰጣቸው። ዛሬ ያ ቦርድ በዓለም ሀብታሙ ነው። አይ ፒ ኤል የሚባለው ሊግ ከ2023 እስከ 2027 ላለው የስርጭት መብት 48,390 ክሮር ሩፒ አምጥቷል፤ አንድ ክሮር አሥር ሚሊዮን ነው። ስድስት ቢሊዮን ዶላር ያልፋል። በ1990ዎቹ ኢኮኖሚው ሲከፈት፣ የሳተላይት ቴሌቪዥን ሲገባ፣ ጨዋታው ለማስታወቂያ ተመቸ። በየስድስት ኳሱ ረፍት አለ። በየረፍቱ ሳሙና ወይ ሞተር ሳይክል ይተዋወቃል። ብዙ ሰው የክሪኬትን ፍቅር በዚህ ገንዘብ ሊያስረዳ ይሞክራል። እኔ አልቀበልም። ገንዘቡ የመጣው ሰዎቹ ቀድመው እዚያ ስለነበሩ ነው። ቴፕ የጠቀለሉ ልጆች ማንም ሳይከፍላቸው ነው የሚጫወቱት።

ገንዘብ ሊያጠፋው ደርሶም ያውቃል። በ2000 የጨዋታ ሽያጭ ቅሌት ወጣ። የደቡብ አፍሪካው አምበል ገንዘብ መቀበሉን አመነ፤ የሕንድ ተጫዋቾችም ታገዱ። አንክል ያን ዓመት ክሪኬት አላይም ብለው ማሉ። አማማ እንደነገሩኝ ከሆነ ሰው ሞቶባቸው ያዘኑ ይመስሉ ነበር። የመለሳቸው ካልካታ ነው፤ ማርች 2001፣ ኤደን ጋርደንስ። አውስትራሊያ 16 ቴስት በተከታታይ አሸንፋ መጥታለች። ሕንድ ተበልጣ እንደገና እንድትመታ ተገደደች። አልቆላታል ሲባል ላክስማንና ድራቪድ አንድ ቀን ሙሉ፣ ከጧት እስከ ማታ፣ ማንም ሳያወጣቸው ሲመቱ ዋሉ። ላክስማን 281፣ ድራቪድ 180። በማግሥቱ ሕንድ አሸነፈች። አንክል መሐላቸውን አፈረሱ።

ሳቺንን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በ16 ዓመቱ ካራቺ ላይ ለብሔራዊ ቡድኑ ተሰለፈ። ልጅ ሳለ አሠልጣኙ አችሬካር እንጨቱ ላይ አንድ ሩፒ ሳንቲም ያስቀምጡ ነበር። ሳቺንን ያወጣ ወርዋሪ ሳንቲሙን ይወስዳል። ማንም ካላወጣው ሳንቲሙ የሳቺን ነው። እንዲህ ያገኛቸውን 13 ሳንቲሞች ከንብረቱ ሁሉ አስበልጦ እንደሚያያቸው ተናግሯል። በ2013 ሲያቆም መቶ ጊዜ መቶ ነጥብ ያስቆጠረ ብቸኛ ሰው ነበር። አንክል ቴሌቪዥኑን ያጠፉት ልማድ ሆኖባቸው ነው። በ1990ዎቹ ሳቺን ከወጣ ጨዋታው አለቀ ብሎ ቴሌቪዥን የሚያጠፋ ቤት ብዙ ነበር።

በ1998 ሳቺን ሻርጃ ላይ በሦስት ቀን ውስጥ አውስትራሊያን ሁለት ጊዜ በመቶ መታት። 143፣ ከዚያም 134። ሁለተኛው በ25ኛ ልደቱ ቀን ነው። ሻርጃን የጠቀስኩት እህቴ እዚያ ስለምትሠራ ነው። ከሕንድ ስመለስ አርፌባት ነበር። ዓርብ ጧት በመስኮቷ ሳይ ባዶው የአሸዋ ቦታ በሕንዶችና በፓኪስታኖች ተሞልቷል። የቀን ሠራተኞች ናቸው። በሳምንት ያለቻቸው አንዲት የዕረፍት ቀን ነች። ፀሐዩ ሳይበረታ ለመጫወት ጎህ ሲቀድ ወጥተዋል። ዊኬቱ የዘይት ጀሪካን ነበር። ኳሷ በቀይ ቴፕ ተጠቅልላለች።

ወደ በሩ ልመለስ። ጋምቢርና ወጣቱ ኮህሊ ቀስ በቀስ ነጥቡን አነሱት። ኮህሊ ሲወጣ አምበሉ ዶኒ ራሱ ገባ። ዶኒ የራንቺ ልጅ ነው። ከዚህ በፊት ካራግፑር ባቡር ጣቢያ ትኬት ይቆጣጠር ነበር። የቪሳካፓትናም ሰዎች ግን የኛ ነው ይሉታል። በ2005 ፓኪስታን ላይ 148 አስቆጥሮ አገር ያወቀው እዚያው ከተማቸው ላይ ነውና። አማማ ዶኒ ሲገባ መቁጠሪያቸውን አወጡ። ልጁ የአባቱን ጉልበት ይዞ ተቀምጧል። አንክል አንዴም አላወሩም። እኔ እግሬ ደንዝዟል፤ ግን ክብደቴን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ለማዛወር እንኳን ፈርቻለሁ። ክርስቲያን ነኝ፣ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ያን ሌሊት ግን አምኜ ነው የቆምኩት። ጋምቢር 97 ላይ ወጣ። ቤቱ አቃሰተ። አማማ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። አልተንቀሳቀስኩም።

አራት ነጥብ ሲቀር ዶኒ ኩላሴካራ የወረወረውን ኳስ ከፍ አድርጎ መታው። ሕዝቡ ውስጥ ገባ። ስድስት። 28 ዓመት ጠብቀው ነበር። አንክል ፊታቸውን በፎጣ ሸፍነው አለቀሱ። አማማ መጥተው እጄን ያዙኝና ጣፋጭ አጎረሱኝ። ላዱ ነው። በእጃቸው፣ ልክ እኛ እንደምንጎራረሰው። ወደ መንገዱ ወጣን። ሙስሊሙ ልብስ ሰፊ፣ ክርስቲያኑ ፋርማሲስት፣ ከጥግ የሚቀመጠው ጫማ ሠሪ፣ ሁሉም ከአንድ ካርቶን ላዱ ያነሳል። ጫማ ሠሪ ማለት እዚያ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። የባሉን ታሪክ ያነበብኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ያን ካርቶን ግን ያን ጊዜም በደንብ አይቼዋለሁ።

አማማ በ2019 አረፉ። ልጁ መሐንዲስ ሆኗል። ኖቬምበር 2023 ሕንድ አህመዳባድ ላይ ፍጻሜውን በአውስትራሊያ ስትሸነፍ ደወልኩለት። አልተነጋገርንም ማለት ይቻላል። ዝም ብለን ስልኩን ይዘን ቆየን።

ኖቬምበር 2 ቀን 2025 ደግሞ የሴቶቹ ፍጻሜ ነበር። ሕንድ ከደቡብ አፍሪካ፣ ናቪ ሙምባይ። የሕንድ ሴቶች በ2005ም በ2017ም ፍጻሜ ደርሰው ተሸንፈዋል። 2017 ላይ የጎደላቸው ዘጠኝ ነጥብ ነው። አሁን ግን በግማሽ ፍጻሜው ጄሚማ ሮድሪገዝ 127 መትታ፣ አውስትራሊያ ያስቀመጠችውን 338 አልፈው መጥተዋል። ዝናብ ስላዘገየው ሕንድ ውስጥ እኩለ ሌሊት እየተጠጋ ነው። አዲስ አበባ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል። ሶፋ ላይ ተቀምጬ በስልኬ አያለሁ። የደቡብ አፍሪካዋ አምበል ዎልቫርት መቶ አልፋለች፤ አላቆም ብላለች።

ስልኩ ተንቀጠቀጠ። መልእክት ነው። «አንና፣ ተቀምጠሃል እንዴ?»

ተነስቼ የሳሎኑ በር ላይ ቆምኩ።